ዕርቅና ካሳ በጉና መንገድ

በአገራችን መኪና ሰውን በገጨ ጊዜ ሦስት ዳኞች ከሦስት አቅጣጫ ይመጣሉ። አንደኛው የአገር ሽማግሌ ነው፤ ሁለተኛው የመንግሥት ሕግ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው ስሙን እንጂ ጠባዩን የማያውቀው ኢንሹራንስ ነው። ሦስቱም ለተጐዳው ሰው የሚጠቅሙ ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ የየራሱ ጊዜና የየራሱ ቋንቋ ስላለው፣ ተራቸውን ያላወቀ ሰው በአንዱ ሲጠቀም ሌላውን ያጣል። እኔ ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአጎቴ እግር ነው።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሄደ ሰው የምለውን ለመረዳት አይቸገርም። መንገዱ ከወረታ ወልድያ የሚደርሰውና በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራው ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ ተጠግቶ ሲያልፍ ጉሙ ከላይ ይወርድበታል፤ የገበሬው አህያ፣ የተማሪው እግርና የነጋዴው አይሱዙ በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጐተተው በዚሁ አገር ዳገትና ቁልቁለት ነበር። ያን ጊዜ ከባድ ነገር በሰው ጉልበት ቀስ እያለ ይሄድ ስለ ነበር መንገደኛው ገለል ለማለት ጊዜ ነበረው። ዛሬ ግን ጡሩምባው ከተሰማ በኋላ ለማሰብ እንኳ ፋታ የለም።

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አጎቴ ድንች የጫነች አህያውን እየነዳ ወደ ገበያ ሲወርድ ከጉሙ ውስጥ የወጣ የጭነት መኪና ገጨው። አህያዋ ወዲያው ሞተች፤ የአጎቴም ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ሾፌሩ የጋይንት ልጅ ነው፤ ሕዝቡ እንዳይደበድበው ፈርቶ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠና እጁን ሰጠ። ረዳቱ ግን ቁስለኛውን በሌላ መኪና አሳፍሮ ሐኪም ቤት አደረሰው።

ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የመኪናው ባለቤት ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ መስቀል የያዙ ቄስ ላከ። የመጡበትም ሐሳብ ለአህያዋ ዋጋዋን፣ ለሕክምና 15,000 ብር፣ ለዕርቁ ደግሞ አንድ በግ የሚል ነበር። ከዚህ ጋር “ካሳዬን ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በማናቸውም መንገድ ይገባኛል አልልም” የሚል ወረቀት አብሮ ቀረበ። አጎቴ አውራ ጣቱን ቀለም ሊያስነካ እጁን ዘረጋ። በኛ አገር የሽማግሌን ቃል መግፋት ነውር ነው፤ መስቀል በር ላይ ቆሞ እንቢ ማለትማ ከሁሉ ይከብዳል።

እኔ የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ የወረቀትን ጠባይ አውቃለሁ። ከመካከላቸው ታናሹ ነበርኩና ብድግ ብዬ፣ “አባቶቼ፣ ዕርቁ ዛሬ ይጻፍ፤ ካሳው ግን ሐኪም ቃሉን እስኪሰጥ ይቈይልን” አልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ ተቈጡ። “አንተ ልጅ፣ የሰው ስብራት በወረቀት ይለካል?” አሉኝ።

ወረቀቱን ያመጡትስ እርስዎ አይደሉምን ልል አስቤ ምላሴን ያዝኩ። ዝም ብለው የቆዩት ቄስ ግን፣ “ልጁ ክፉ አልተናገረም። ቂሙን ዛሬ እንቅበረው፤ ሒሳቡን ግን ከነነፍሱ አንቅበረው” አሉ። በዚህ ነገሩ ረገበ።

ለምን እንደተከራከርኩ ለአንባቢ ላስረዳ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለት ሰዎች በግልግል ስምምነት የጨረሱት ነገር በመካከላቸው እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቈጠራል። እንዲህ ያለውን ወረቀት የፈረመ ሰው እግሩ ከስድስት ወር በኋላ ቢያጥር ወደ ዳኛ ቢሄድም በሩን የዘጋው ራሱ ነው። ኢንሹራንሱም “ካሳህን ከባለቤቱ ተቀብለህ የለምን?” ይለዋል። ለመኪናው ባለቤትም ቢሆን አይበጅም፤ በመድን ውሉ ዘንድ ኩባንያው ሳያውቅ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ መስማማት ብዙውን ጊዜ ክልክል ነውና የከፈለውን ገንዘብ ሳይተካለት ይቀራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለየን። በአንደኛው ወረቀት ቂም መቅረቱ ተጻፈ፤ ሾፌሩም በወንጀል ክሱ ላይ ለቅጣት ማቅለያ አቀረበው። በሁለተኛው ላይ 15,000 ብሩ ወደፊት ከሚወሰነው ካሳ እንደሚታሰብ ሰፈረ። በጉም ታረደ፤ አብረን በላን።

ከዚያ በኋላ የሕጉ ተራ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ተደነገገ። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው ጣራ ለአካል ጉዳት 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና 2,000 ብር ነበር። እንዲህ ያለው ወሰን የሚሻሻል ስለሆነ ባለጉዳይ በጊዜው የሚሠራበትን መጠየቅ አለበት። ዋናው ቁም ነገር ግን፣ ጣራው የኢንሹራንሱ ጣራ እንጂ የተጐጂው መብት ጣራ አለመሆኑ ነው። ከጣራው በላይ የሆነውን ጉዳት ከባለቤቱ መጠየቅ ይቻላል። ገጭቶ ላመለጠና ላልታወቀ መኪናም ሕጉ የመድን ፈንድ አቋቁሟል።

ሕጉ እንዲህ ቢልም ገንዘቡ በራሱ እግር አይመጣም። የትራፊክ ፖሊስ ያነሣው የአደጋ ፕላን፣ የሐኪም ቤት ደረሰኞች፣ በመጨረሻም የሐኪሞች ቦርድ የሰጠው ማስረጃ ተጠየቅን። ቦርዱ የዘለቄታ ጉዳቱን 20 በመቶ አለው። ሁሉ ተሟላ ስንል በመታወቂያው ላይ ያለው የአያቱ ስም በሐኪም ቤቱ ካርድ ላይ ጐደለ ተባለ። ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ ለማምጣት ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። አጎቴ በክራንቹ ተደግፎ፣ “እግሬ ሲሰበር ስሜን ማን ጠየቀኝ?” እያለ ይስቅ ነበር።

በአሥራ አራተኛው ወር ኢንሹራንሱ 28,000 ብር ከፈለ። የመኪናው ባለቤት ግን ለቀረው፣ ሰውየው በጉም ውስጥ መሐል መንገድ ሄዷል ብሎ ተከራከረ። ይህ ክርክር ባዶ አይደለም፤ የተጐጂው ጥፋት ካሳውን ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ፕላኑ አጎቴ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ እንደ ነበር ያሳይ ነበርና፣ ክሱ እንደ ተከፈተ ባለቤቱ በዚያው ሽማግሌ 45,000 ብር ጨምሮ ነገሩ አለቀ። የገበሬ እግር ሲያጥር እርሻው አብሮ ያጥራል፤ አጎቴ ያረሰው በዚያ ገንዘብ በቀጠረው ሰው ነው።

ከአገር ውጭ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ከሰፈራችን ልጆች ወደ ጅቡቲ ጭነት የሚመላለሱ አሉ። እዚያ ለደረሰ ጉዳት የአገር ቤቱ የሦስተኛ ወገን ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ከመነሻው ከራስ ኢንሹራንስ መገዛት አለበት። ካርዱ በአባል አገሮች ውስጥ ለሦስተኛ ወገን የሚደርሰውን ጉዳት በዚያው አገር ሕግ መጠን ይሸፍናል። ሽማግሌ በሌለበት አገር ሾፌሩን ከእሥርና ከዕዳ የሚያስጥለው ይኸው ካርድ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በየቤቱ አንድ ፊደል የቈጠረ ልጅ አለ። ክፉ ቀን ሲመጣ “ና፣ ይህን ወረቀት አንብብልን” ተብሎ የሚጠራው እሱ ነው። እንግዲህ የመኪናውን ታርጋና የኢንሹራንሱን ስም በዕለቱ ጻፍ፤ ደረሰኝ አትጣል፤ ስም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ተመልከት፤ ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ መሆኑን አስታውስ። ሽማግሌ ሲመጣ ተነሥተህ እጅ ንሣ፤ ዕርቁን በደስታ ተቀበል። ሐኪም የመጨረሻ ቃሉን ሳይሰጥ ግን የማንም አውራ ጣት ቀለም እንዳይነካ ጠብቅ።