የድንጋዩ መምህርና ልጃቸው

በዩኒቨርሲቲያችን ስለ ድንጋይ የሚያስተምሩ አንድ ፕሮፌሰር አሉ። ስማቸውን አንጽፍም፤ ቢጻፍ ደስ እንደማይላቸው እናውቃለንና። የሳይንስ ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መቸም ወዲያው ይለዩአቸዋል። እኛ ግን የቋንቋ ተማሪዎች ስለ ሆንን ያወቅናቸው በክፍል ውስጥ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን እየተፈራረቅን ልጃቸውን አማርኛ ንባብ እናስጠናለን። ሥራው የታክሲና የሻይ ገንዘብ ያስገኝልናል፤ ምሳም አለው።

ልጅቱ ዛሬ አሥር ዓመቷ ነው። እናቷ ያረፉት ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነበር። ያን ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ «ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ አያሳድግም፤ ወይ ሚስት አግባ፣ ወይ ልጅቱን ለእኅትህ ስጥ» አላቸው ይባላል። እሳቸው ሁለቱንም አላደረጉም። እኅታቸው ዛሬም በመጡ ቁጥር ነገሩን ያነሡታል፤ እሳቸውም ዝም ብለው ቡና ይቀዱላቸዋል።

ቤታቸው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መደርደሪያቸው ግማሹ መጽሐፍ፣ ግማሹ ድንጋይ ሲሆን ከባልጩቱ አጠገብ ማበጠሪያና የፀጉር ቅባት ተቀምጧል። ሹሩባ መሥራት ያስተማሯቸው ጎረቤታቸው ናቸው፤ እኒያ ሴትዮ እንደሚሉት በመጀመሪያው ወር የልጅቱ ፀጉር ንፋስ የመታው የሣር ክዳን ይመስል ነበር። አሁን ግን መስመሩን ቀጥ አድርገው አውጥተው ሲጎነጉኑ ላየ ሰው እጃቸው ከልጅነት ጀምሮ የለመደው ይመስለዋል። ሽሯቸው እስከ ዛሬ ያርራል፤ ይህንንም ለእውነት ስንል እንጽፋለን።

በበሩ መቃን ላይ የልጅቱ ቁመት በየመስከረሙ በእርሳስ ይሰመራል። አንድ ቀን ስለ ስምጥ ሸለቆ ብንጠይቃቸው ተነሥተው ወደዚያ መቃን ወሰዱን። የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት የሚሰፋው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ልጅቱ ግን በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ታድጋለች። «አሥር እጥፍ ትቀድመዋለች። እንግዲህ የትኛው እንደሚያመልጠኝ እናንተው አስሉት» አሉን። ደጋውን አገራችንን የሸፈነው ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እንደ ፈሰሰ ሲያስተምር የሚውል ሰው፣ ለአንድ መስከረም እንዲህ መሳሳቱ አስገረመን።

ዳሩ ግን ይህ ሒሳብ ሁልጊዜ እንደማይሠራ ከእኛ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ ዳባሁ አጠገብ፣ ከታች የገባ ቅልጥ ዐለት ምድሪቱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ከፈታት፤ የተሰነጠቀውም ስፍራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ያን ጊዜ ወጣት ነበሩና ሄደው አይተዋል። ስለዚያ ጉዞ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን በረሃ ወርደው አላደሩም፤ የጻፉትም ከእኩዮቻቸው ያነሰ ነው ሲባል ሰምተናል።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ምድር ይንቀጠቀጥ ጀመር። በታኅሣሥና በጥር በረታ፤ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ወጣ። መንቀጥቀጡ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ ነበርና በእሳቸው ሕንፃ የሚኖረው ሁሉ በሌሊት ልብሱ ወደ ግቢ ወረደ። እሳቸውም ልጃቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አራቱን ፎቅ ተሸክመዋት ወረዱ፤ ጎረቤቱም ከበባቸውና እስኪነጋ ሲጠይቃቸው አደረ።

በዚያው ሰሞን ባልደረቦቻቸው ወደ አዋሽ አብረን እንውረድ ብለው ደወሉላቸው። እኛ ለማስጠናት ተቀምጠን ነበር። ልጅቱ መጽሐፏን ዘግታ ስታዳምጥ ቆየችና «አባዬ፣ አንተ ከሄድክ ማታ ሲንቀጠቀጥ ማን ያወርደኛል?» አለች። እሳቸው መልስ አልሰጧትም። ስልኩን አንሥተው ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በእሳቸው ፋንታ እንዲሄዱ ነገሩ። ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ ካርታውን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ልጆቹ ከበረሃ የሚነግሯቸውን በስልክ እየተቀበሉ ምልክት ያደርጉ ነበር። ያን ጊዜ ፊታቸውን ያየ፣ ጉዞው መቅረቱ ቀላል እንዳልነበረ ይገባዋል።

በዚህ ነገር እርስ በርሳችን ብዙ ተከራክረናል። ከመካከላችን አንዱ «አገር የምትፈልጋቸው ቀን ይህ ነበር፤ ከአዋሽ የተፈናቀለውም ሕዝብ ልጆች አሉት» አለ። ሌላዋ «አገር ሌላ ባለሙያ አላት፤ ልጅቱ ሌላ አባት የላትም» አለች። አብዛኞቻችን ከእሷ ጋር ነን፤ የእሱም ቃል ግን እስከ ዛሬ ይከነክነናል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ምድሩ ጋብ ሲል ልጅቱንም እኛንም ይዘው መተሐራ ወረዱ። ለመሄጃ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለማታ እንድንመለስ በማለዳ ተነሣን። በ1950ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው የበሰቃ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ መሆኑን አሳዩን። ከፈንታሌ ሥር፣ ከ200 ዓመት በፊት ገደማ በፈሰሰው ጥቁር ዐለት ላይ ስንቆም ልጅቱ መዶሻውን ለመነችና መታችው።

«ከአያቴ ይበልጣል?» አለች።

«ይበልጣል። ግን በድንጋይ ዕድሜ ገና አራስ ነው» አሏት።

ስባሪውን በነጠላዋ ቋጥራ ያዘች፤ አዳማ ሳንደርስም እንቅልፍ ወሰዳት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ቤት ስንደርስ አልቀሰቀሷትም። ዘጠኝ ዓመት የሞላትን ልጅ አራት ፎቅ ተሸክመው ወጡ፤ መዶሻውን እኛ ያዝንላቸው።