ከወንበርሽ ሥር ያለው ሳጥን

ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ

የኔ ልጅ፣

መኪናዋን አስፈትሼ፣ ዘይቷን አስቀይሬ፣ ስኮርታ ጎማዋን አስነፍቼ አቁሜልሻለሁ። ቁልፉን እናትሽ ትሰጥሻለች። ይህን ፊት ለፊት ብነግርሽ "አባባ ደግሞ!" ብለሽ ስለምትስቂብኝ በወረቀት አደረግሁት።

ከወንበርሽ ሥር የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን አለ። አሮጌው አይደለም። አሮጌውን ለቦሎ ብዬ ገዝቼ፣ ምርመራውን ካለፍኩ በኋላ ብሎንና ፊውዝ አጠራቀምኩበት። አንቺ ሕፃን ሳለሽ ከአርሲ ነገሌ ስንመለስ፣ ጥቁር ውሃ ሳንደርስ፣ አንድ ልጅ ከሞተር ሳይክል ወድቆ እግሩ ደም ያጎርፋል። ሳጥኑን ይዤ እየሮጥኩ ደረስኩ፤ ስከፍተው ፊውዝ። አንዱ "ቡና ነስንሱበት" ይላል፣ ሌላው "ውሃ አጠጡት" ይላል። እናትሽ ነጠላዋን አጣጥፋ ቁስሉ ላይ ጫነች፤ ሐኪም ቤት እስክንደርስ እጇን አላነሳችም። ልጁ ተረፈ። እኔ ግን ያን ቀን ያፈርኩት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

አዲሱን ራሴ ሞላሁት፦ ጓንት፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ የተሰበረ ክንድ ማንጠልጠያ ባለሦስት ማዕዘን ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ። መጀመሪያ ጓንቱን አጥልቂ። ጎዙን አጥብቀሽ ተጫኚ፤ ደሙ ካለፈው ሌላ ደርቢበት እንጂ ቆመ አልቆመ ብለሽ አታንሺው። ቡና የሚያመጣ አይጠፋም፤ አመስግነሽ መልሺው፣ ቁስሉን ያመረቅዘዋል። በተገለበጠ መኪና ውስጥ ያለን ሰው፣ እሳት ካላስገደደሽ በቀር፣ አትጎትቺ፤ አከርካሪው ተጎድቶ ይሆናል። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውይ።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 በሲዳማ ቦና ሰርገኞችን የጫነ መኪና ወንዝ ገብቶ ከ70 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ "አባባ፣ ያንተ ሳጥን እዚያ ምን ይሠራ ነበር?" ብለሽኝ ነበር። ምንም። እኔ ያዘጋጀሁት መንገድ ዳር ብቻውን ለሚደማው ነው፤ በሐዋሳና በአዲስ አበባ መካከል እሱን አታጪውም።

ሳጥኑን ከሻንጣ ሥር አትቅበሪው። በእኛ ፀሐይ ቆማ የዋለች መኪና ውስጥ የፕላስተር ሙጫ ይለቃል፤ ቦሎ በታደሰ ቁጥር ከፍተሽ ለውጪ።

መቀሱን እናትሽ ለስፌት ትጠይቅሻለች። አትስጫት።

አባትሽ