«አቤት» የሚያሰኝ ማዳመጫ

ደሃና ጋራና ሸንተረር የበዛበት አገር ነው። እናቴ ባደገችበት በአምደወርቅ ዙሪያ ሰው ከአንዱ ጋራ ሆኖ ማዶ ያለውን ይጣራል፤ የተጠራው «አቤት» ካላለ ወይ አንድ ነገር ሆኗል ወይ ንቋል ማለት ነው። እናቴ አዲስ አበባ እኛ ዘንድ ስትመጣ ይህን ልማዷን ይዛ መጣች። የ14 ዓመቱ ልጄ ግን ጆሮውን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ ማዳመጫ አጥልቆ ጌም ሲጫወት ሦስቴ ብትጠራውም አይሰማም። «ይህ ልጅ ምን በድዬው ነው?» አለችኝ አንድ ቀን።

ጌሙን መከልከል አልፈለግኩም፤ ከጓደኞቹ ጋር የሚያወራበት ነው። ስለዚህ ክፍት ማዳመጫ መፈለግ ጀመርኩ። የዚህ ማዳመጫ የውጭ ሽፋን ድፍን ሳይሆን እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኤች ዲ 414 የተባለውን ክፍት ማዳመጫ ያወጣው በ1968 እ.ኤ.አ. ነበር። አየር ስለሚያልፍበት ጆሮ አያሞቅም፤ የጌሙ ድምፅ ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን ዙሪያውን ያለ ይመስላል፤ የቤቱም ድምፅ አብሮ ይሰማል።

ጉድለቱም ከዚያው ይመጣል። ድምፁ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እህቱ በምታጠናበት ክፍል አይሆንም። ቤቱ ሲንጫጫ ደግሞ ልጁ ድምፅ መጨመር ያምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት በ75 ዴሲቤል ነው፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። እኛም እህቱ ስታጠና ሳሎን እንዲጫወት፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት ደግሞ እንዲያቆም ተስማማን።

ገመድ አልባ እና ክፍት የሆነ የጌም ማዳመጫ ብዙ አይገኝም። በ2024 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው የተርትል ቢች አትላስ ኤር አንዱ ነው፤ ክብደቱ 300 ግራም ገደማ ነው። ስትመርጡ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ የራሱ ዶንግል እንዳለው እዩ፤ በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ድምፁ ከሥዕሉ ወደኋላ ይቀራል። በጀት ካልበቃ ባለገመዱ ክፍት ማዳመጫም ያው ጥቅም አለው።

ከመክፈላችሁ በፊት ልጁ ራሱ ያጥልቀው። መነጽር ካለው ከነመነጽሩ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይቆይበት። ከጆሮው በላይ የሚቆረቁረው ወይም አናቱን የሚጫነው ከሆነ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ይቅርባችሁ፤ በሳምንቱ አውልቆ ይጥለዋል።