ባለ አለንጋው ሸረሪትና የመምህሩ አለንጋ

ባለፈው የጥር ወር ከባሕር ማዶ አንድ መልእክት በስልኬ ደረሰኝ። የላከልኝም ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በሸዋ ሮቢት ሰባተኛ ክፍል ያስተማርሁት፥ አሁን በአሜሪካ አገር በሌሊት ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። ከመልእክቱ ጋር ፎቶግራፍ አያይዟል። ባየሁት ጊዜ ስልኩን ከእጄ ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ጠፍጣፋ፥ ጥቁር ቡናማ፥ እግሮቹ እንደ ሽቦ የቀጠኑና የረዘሙ፥ በአፉ አጠገብ ሁለት እሾሃም ክንዶች ያጠፈ ፍጥረት በዛፍ ቅርፊት ላይ ተለጥፎ ይታያልና። አተኩሬ ስመለከት ግን በጀርባው ላይ ነጫጭ ነገሮች ተደራርበዋል። ግልገሎች ናቸው። ከሥሩ የተጻፈውም ቃል ይህ ብቻ ነበረ፤ «መምህር፥ ይህችን እንኳ አይረግጧትም ብዬ ነው።»

የዚህን ቃል ምሥጢር የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ስለ ሆንን፥ ለአንባብያን ልገልጠው ይገባኛል።

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ተጉዞ፥ የጣርማ በርን ብርድ በኋላው ትቶ፥ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል የወረደ ሰው የይፋትን ቆላ ያገኛል። ግራሩ፥ ማሽላው፥ ማሾው፥ የሮቢ ወንዝ ዳርና የቀን ሐሩሩ ለተመለከተው ሁሉ የታወቀ ነው። በዚህ አገር ድንጋይ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ ያስባል፤ ለልጇ ጫማ የምታጠልቅ እናትም ጫማውን አስቀድማ ታራግፋለች፤ ጊንጥ አለና።

በ1998 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አንዲት የጎረቤቴ ሕፃን በጊንጥ ተነድፋ ሁለት ሌሊት ስትጮኽ አደረች፤ በእግዚአብሔር ቸርነትም ዳነች። ሳምንት ሳይሞላ ከተማሪዎቼ አንዱ፥ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፥ የማርማላታ ጠርሙስ በጋቢ ጠቅልሎ ወደ ክፍል ይዞ ገባ። በጠርሙሱ ውስጥ አሸዋ አንጥፏል፤ ክዳኑንም በሚስማር በስቶታል። በአሸዋው ላይ አንዲት ጊንጥ ግልገሎቿን በጀርባዋ አዝላ ቆማለች። ልጁ ለካ ከነፍሰ ጡርነቷ ጀምሮ ፌንጣ እየያዘ ሲቀልባት፥ መውለጃዋን ሲጠብቅ ኖሯል። ጊንጥ እንቁላል ጥላ የምትሄድ ሳትሆን ነፍስ ያላቸውን ግልገሎች የምትወልድ፥ ቆዳቸውን መጀመሪያ እስኪያወልቁም ድረስ በጀርባዋ የምትሸከም መሆኗን እኔ መምህሩ አላውቅም ነበር፤ እሱ ግን በዓይኑ አይቶ አውቋል። ይህንኑ ሊያሳየኝ ነው የመጣው።

ልጃገረዶቹ ጮኹ፤ ወንበር ተገለበጠ። እኔም ጠርሙሱን ነጥቄ በደጅ ሰበርሁት፤ እናቲቱንም ከነግልገሎቿ በጫማዬ ረገጥኋት። ልጁንም በጓደኞቹ ፊት በአለንጋ ገረፍሁት። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣትን ከልክሎ ሳለ፥ በእኛ እጅ ግን አለንጋና ጠመኔ አብረው ይያዙ ነበር። ይህም አልበቃኝ ብሎ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 እባብንና ጊንጥን ስለ መርገጥ የተጻፈውን ጠቀስሁ። ለአርድእት በጠላት ኃይል ሁሉ ላይ የተሰጠውን ሥልጣን በአንድ ሕፃን ጠርሙስ ላይ ማዋሌ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሥነ ፍጥረትን አስተምር ነበር፤ የምድር ተንቀሳቃሾች ዓርብ ዕለት መፈጠራቸውንና ፈጣሪ ሁሉን መልካም እንደ ሆነ ማየቱን በቃሌ አወርድላቸው ነበር።

ልጁ ዐሥር ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ። በዐሥራ አንደኛው ቀን እናቱ መጡ። ነጠላቸውን አደግድገው በሩ ላይ ቆሙና፥ «መምህር፥ ልጄ ጥፋተኛ ነው፤ አልከራከርዎትም። ግን ሌሊት ሌሊት እያለቀሰ አስቸገረኝ። ‹አንቺም እኮ በአንቀልባ አዝለሽኝ ነበር› ይለኛል፤ ምን ልመልስለት?» አሉኝ። እኔም ስለ መርዝ አደገኛነት ረዘም ያለ ምክር ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ልጁ ተመልሶ መጣ፤ ነገር ግን እስከ ስምንተኛ ክፍል ፍጻሜ ድረስ በእኔ ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም።

ወደ ፎቶግራፉ ልመለስ። ለመልእክቱ መልስ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ይቅርታ ከመጠየቅ በፊት ስለ ፍጥረቲቱ መጠየቅ ቀለለኝ። እሱም ረጅም ደብዳቤ ጻፈልኝ።

ይህች ፍጥረት ከሸረሪትና ከጊንጥ ጋር የምትዛመድ ስትሆን፥ እኛ ባለ አለንጋ ሸረሪት ልንላት እንችላለን። እግሮቿ ስምንት ናቸው፤ የምትሄድባቸው ግን ስድስት ብቻ ናቸው። የፊተኞቹ ሁለቱ እንደ አለንጋ እጅግ ረዝመውና ቀጥነው ዓይነ ስውር በበትሩ መንገዱን እንደሚዳስስ የሚዳስሱ ናቸው። መርዝ የላትም፤ የሚናደፍ ጅራትም የላትም፤ ድርም አታደራም። ቀን በዋሻና በቅርፊት ስንጥቅ ተሸሽጋ ትውላለች፤ ሌሊት ወጥታ በእሾሃም ክንዶቿ ነፍሳትን ትይዛለች። እሱ የሚያረባው ዳሞን ዲያዴማ የተባለው ዓይነት በኬንያና በታንዛንያ የሚገኝ፥ እግሮቹ ሲዘረጉ ከሰው መዳፍ የሚሰፋ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ እንዲህ ያሉትን ፍጥረታት በቤት የሚያሳድጉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

አያያዛቸው ትዕግሥት ይጠይቃል። ሣጥኑ ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ ይበልጣል፤ በውስጡም የዛፍ ቅርፊት በቁሙ ይደገፋል። ይህም የሆነበት ምክንያት ፍጥረቲቱ ስታድግ ቁልቁል ተንጠልጥላ አሮጌ ቆዳዋን ስለምታወልቅ ነው፤ ከሥሯ በቂ ቦታ አጥታ ብትወድቅ እግሯ ተጣምሞ ይቀራል፥ ወይም ትሞታለች። ውኃ እየተረጨ አየሩ እንዲረጥብ ይደረጋል፤ ፌንጣና በረሮም ይሰጣታል። እንቁላሏን ከሆዷ በታች በከረጢት አድርጋ ሦስት ወር ያህል ትሸከማለች፤ በዚያን ጊዜ ሰው ቢያውካት እንቁላሉን ልትጥለው ትችላለች። ስለዚህ ሣጥኑን በጨርቅ ሸፍኖ በሌሊት በቀይ መብራት ብቻ ይመለከታት እንደ ነበረ ጽፎልኛል። ግልገሎቹ በወጡ ጊዜ ወደ ጀርባዋ ይወጣሉ፤ አዲስ ቆዳ ከመልበሳቸው በፊት ከጀርባዋ የወደቀ ግን አይተርፍም። የመጀመሪያዋ እናት ሁለት ግልገሎች ወድቀውባት እንደ ነበረ፥ እሱም በብሩሽ ሊመልሳቸው ሞክሮ እንዳልሆነለት ሳነብ፥ ጠርሙሱን የሰበርሁበት ደጅ ትዝ አለኝ።

ከሁሉም ያስደነቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሊንዳ ሬየር ከባልደረባዋ ጋር ይህንኑ ዓይነት መርምራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ባወጣችው ጽሑፍ፥ ግልገሎቹ ከእናታቸው ጀርባ ከወረዱም በኋላ ወራት ሙሉ አብረዋት እንደሚቆዩ፥ እናቲቱም በመካከላቸው ተቀምጣ በረጃጅሞቹ አለንጋዎቿ ቀስ ብላ እንደምትዳብሳቸው፥ እነሱም በአለንጋዎቻቸው እንደሚመልሱላት ገልጣለች። ከማያውቁት ቦታ ቢጨመሩም እርስ በርሳቸው ፈልገው ይሰበሰባሉ። «እኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ከሥራ ስመለስ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። አለንጋ ለዚህም ይሆናል» ሲል ጽፏል። ነቀፋ ይሁን ጨዋታ ለመለየት አልቻልሁም። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ደብዳቤውን ለባለቤቴ ባነበብሁላት ጊዜ፥ «ምናለ ዶሮ ቢያረባ!» አለች። የእሷም ነገር አይናቅም። እኔ ራሴ ለዚህ ሁሉ ፌንጣ የሚወጣውን ገንዘብ ሳስበው ይገርመኛል። ቢሆንም ሰው በባዕድ አገር በሌሊት ደክሞ ሲገባ የሚጠብቀው ሕይወት ያለው ነገር መኖሩን እንዴት እነቅፋለሁ?

ወላጆች ግን ቃሌን እንዳያጣምሙብኝ እለምናለሁ። ባለ አለንጋዋ መርዝ የላትም፤ የቆላው ጊንጥ ግን መርዝ አለው፥ ሕፃናትንም ይበልጥ ይጎዳል። ጫማውና መኝታው ይራገፍ፤ ልጆች በባዶ እጃቸው ድንጋይ አይገልብጡ። የተነደፈ ልጅ ቢኖር ቦታውን መብጣት፥ መምጠጥና መተኮስ ጉዳት ስለሚጨምር፥ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።

በመጨረሻ ይቅርታዬን ጻፍሁለት፤ አራት መስመር ነበረች። እሱም ስለ ይቅርታው ምንም ሳይል በሚመጣ ሰው እጅ አንዲት ትንሽ መብራት ላከልኝ። ሱቅ ውስጥ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ዓይነት ናት። ጊንጥ በዚህ ብርሃን ሲታይ እንደ ለምለም ቅጠል ያበራል፤ የቤትን ዙሪያ በሌሊት ለመፈተሽ እጅግ ትጠቅማለች። በመጀመሪያው ምሽት ሁለቱን ልጆቼን ጫማ አስጠልቄ ወደ ጓሮ ይዣቸው ወጣሁ። ከድንጋዩ ካብ ሥር አንድ አረንጓዴ ነገር አበራ። ታላቁ ልጄ ዱላ አነሣ። «ቆይ» አልሁት፤ ከወጥ ቤት ረጅሙን መቆንጠጫና ባዶ ጠርሙስ እንዲያመጣ ላክሁት።