ከሐዋሳ ወደ ደብረ ጽዮን፦ ከአያት ጋር የተደረገ ጉዞ

ሐዋሳ ልጅ ለማሳደግ የምትመች ከተማ ናት፤ የከተማነት ዕድሜዋ ግን አጭር ነው። የተቆረቆረችው ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። እናቴ እንኳ በዕድሜ ትበልጣታለች። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሲነግሥ ከሩቅም ከቅርብም የሚመጣው ምእመን አደባባዩን ይሞላዋል። ልጆቻችን መንፈሳዊ ጉዞ የሚያውቁት በዚሁ ነው፤ እንግዳ ወደ እኛ ይመጣል እንጂ እኛ ወደ ሌላ አንሄድም ነበር። የዘንድሮው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ይህን ቀየረው።

ነገሩ የተነሣው ከትልቋ ልጄ የታሪክ ትምህርት ነው። ስለ ዮዲት ጉዲት አንብባ፣ «አክሱም ስትጠፋ ታቦተ ጽዮን የት ነበረች?» ብላ ጠየቀች። እናቴ የቡና ሲኒዋን አስቀምጣ፣ «ዝዋይ ሐይቅ ላይ ነዋ! ካህናቱ ይዘዋት ሸሽተው ደሴት ላይ አኖሯት። ቦታውን ሳልሳለም እንዳልሞት እመኛለሁ» አለች። 73 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷንም ያማታል። ጀልባውም ዳገቱም አሳሰበኝ። ባለቤቴ ግን፣ «ጉልበቷ ከዓመት ዓመት እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም። የምንሄድ ከሆነ አሁን ነው» ብላ ነገሩን ቆረጠችው።

ከሐዋሳ እስከ ዝዋይ ከተማ፣ በዛሬ ስሟ ባቱ፣ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ሻሸመኔ ስንደርስ ልጆቹ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀቡትን በሮች እያዩ ስለ ጃማይካ ሰፈር ጠየቁ። ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ በውጭ ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች መሬት እንደሰጡ፣ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ራስ ተፈሪያኖችም በእምነታቸው ተስበው እዚያ እንደሰፈሩ ነገርኳቸው። እናቴ በመስኮት እያየች፣ «ሰው ለእምነቱ ሲል ስንት ባሕር ይሻገራል» አለች። አርሲ ነገሌን፣ ላንጋኖን አልፈን ቡልቡላ ላይ ቁርስ በላን። ቡልቡላ የሚባለው ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ አብያታ እንደሚገባ ታናሹ ልጄ ከካርታው አገኘ።

ዝዋይ ሐይቅ፣ ደምበልም ይባላል፣ አምስት ደሴቶች አሉት፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላና ፉንዱሮ። የእኛ መድረሻ ትልቁ ደሴት ቱሉ ጉዶ ነበር፤ በኦሮምኛ ትልቁ ተራራ ማለት ነው። ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችው እዚያ ነው። በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ልጆቹ የሐይቅ ልጆች ስለሆኑ ጉማሬውም ይብራውም አላስደነቃቸውም። እናቴ ግን የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ስትጸልይ ነበር።

ጸሎቷን ያቋረጠው የባለ ጀልባው ወሬ ነው። ባለ ጀልባውና ረዳቱ የዛይ ተወላጆች ናቸው፤ በራሳቸው ቋንቋ ይጫወቱ ነበር። እናቴ ቀና ብላ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ፣ አንድ ነገር በወለንኛ ተናገረች። ሁለቱም ዞረው አዩዋት። እነሱ በዛይኛ መለሱ፤ እሷ ሳቀች።

የዛይኛ ነገር እንዲህ ነው። በደሴቶቹ ላይ ለዘመናት ተጠብቆ የኖረ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛ፣ ወለንኛና ሐረሪ ናቸው። እናቴ ተወልዳ ያደገችው ወለኔ አገር ነው፤ ለትዳር ሐዋሳ ከመጣች ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሁሉንም ባትሰማም እዚህም እዚያም የምታውቀው ቃል ታገኝ ነበር። ልጆቹ ይህን ቋንቋ ከእሷ አፍ ሰምተው አያውቁም። ታናሹ ልጄ፣ «እማማ፣ ይሄን መቼ ተማርሽው?» ሲላት፣ «ከእናቴ ጡት ጋር» አለችው።

ደሴቱ ላይ ስንደርስ ዳገቱ እንደፈራነው ነበር። የዛይ ገበሬዎች በድንጋይ እርከን የከተሩትን ተራራ እያየን፣ በየጥላው እያረፍን ወጣን። እናቴ አንድ እጇን ለከዘራዋ፣ አንድ እጇን ለልጄ ሰጥታ፣ ማንም እንዲሸከማት ሳትፈቅድ ደረሰች። ነጠላዋን አስተካክላ ደጁን ስትሳለም ሁላችንም ዝም አልን።

ልጄ ለአገልጋዩ አባት ጥያቄዋን አቀረበች፦ «አባ፣ ታቦቷ እውነት እዚህ ነበረች?» እሳቸውም አልተቆጡም። «እኔ አላየሁም ልጄ፤ በዚያን ጊዜ አልነበርኩም። አባቴ ነገረኝ፤ ለእሱም አባቱ ነገረው። እነሱ ያመኑትን እኔም አምኜ አገለግላለሁ» አሏት። ካህናቱ ከአክሱም ሸሽተው እንደመጡ፣ ታቦቷም ሰላም እስኪወርድ እዚህ እንደቆየች ተረኩልን።

ልጆች «እውነት ነው?» ብለው ሲጠይቁ ወላጅ ይጨነቃል። አዎ ብሎ ማለፍም፣ ተረት ነው ብሎ ማጣጣልም ይቀላል። እኔ ለልጄ ሦስቱን ለያይቼ ነገርኳት። የሚነገረው የአባ ትረካ ነው። የተጻፈው ደግሞ፣ ኢብን ሐውቀል የተባለ ዐረብ መልክዐ ምድር ጸሐፊ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የሐበሻን ንጉሥ ገድላ አገሩን ስለያዘች ንግሥት መተረኩ ነው፤ ብዙ የታሪክ ሰዎች ይህን ከዮዲት ጉዲት ጋር ያያይዙታል። የሚታየው ደግሞ በዓይኗ ያየችው ነው፦ በሐይቅ መካከል ክርስትናውን፣ የብራና መጻሕፍቱንና ቋንቋውን ይዞ የቆየ ሕዝብ። ጥቂት አሰበችና፣ «አባ ባይነግሩኝ ኖሮ ሁለቱን ለምን እንደምፈልጋቸው አላውቅም ነበር» አለች።

ስንመለስ ባለ ጀልባው ስለ ልጆቹ አጫወተን። ቤተሰቡ ወደ ባቱ ከተሻገረ ቆይቷል፤ ትምህርት ቤቱም ገበያውም በየብስ ነው። «ከእናቴ ጋር በዛይኛ እናወራለን። ልጆቼ ግን ይሰሙና በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ይመልሱልኛል» አለ። ብዙዎቹ የደሴቱ ሰዎች ወደ ዳርቻው እየወጡ ነው። ዮዲትንም የግራኝን ጦርነትም አሳልፎ እዚህ የደረሰ ቋንቋ፣ ጥሩ ኑሮ ፍለጋ በተደረገ ሰላማዊ ሽግግር ሊጠፋ ይችላል። ማንንም መውቀስ አይቻልም፤ ልጁን ትምህርት ቤት አቅራቢያ ማሳደግ የማይፈልግ አባት የለም።

እናቴ ይህን ሰምታ ዝም አለች። ሻሸመኔን ስናልፍ ግን የልጅ ልጆቿን እስከ አሥር በወለንኛ ማስቆጠር ጀመረች። ታናሹ በስልክ ቀዳት። አሁን ማታ ማታ ከመኝታ በፊት አንድ አንድ ቃል ይጨመራል። ቋንቋውን አቀላጥፈው ይናገራሉ ብዬ አልጠብቅም፤ ሆኖም አያታቸው ከየት እንደመጣች ያውቃሉ።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ላንሣ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ሐይቁን በጠዋት ተሻገሩ። ለሁሉም ሰው የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ሳታረጋግጡ ጀልባ ላይ አትውጡ፤ ዋጋውንም ደርሶ መልስ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ውኃ፣ ኮፍያ፣ ነጠላና የማያንሸራትት ጫማ ያዙ። ቅዱሳት መጻሕፍትን ከማየትም ሆነ ፎቶ ከማንሣት በፊት አስፈቅዱ። ልጆቹ ጥያቄዎቻቸውን ጽፈው ይምጡ፤ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጠያቂ ልጅ ይወዳሉ። አያት ካለቻችሁም ይዛችኋት ሂዱ፤ ዳገቱን ቀስ ብላ ትወጣዋለች።