ድንጋይ የሚያሟሟ ውሃ

ከሮቤ ከተማ ወደ ምሥራቅ ተጉዘን ሶፍ ዑመር ደረስን። ቦታው ባሌ ውስጥ ነው። ቆላ ስለሆነ ይሞቃል። የወይብ ወንዝ እዚህ ሲደርስ ተራራውን አይዞርም። በተራራው ሆድ ይገባና በሌላ በኩል ይወጣል።

ወደ ዋሻው ገባን። ትልልቅ የድንጋይ ምሰሶዎች ጣራውን ደግፈው ቆመዋል። ቀና ብለን ካላየን ጣራው አይታይም። ዋሻው በጠቅላላው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የሚጠራው በሼህ ሶፍ ዑመር ስም ነው። ሰዎች ለጸሎት ይመጡበታል።

ይህን ሁሉ የፈለፈለው ምንድን ነው? ዶማ ነው? አይደለም። ውሃ ነው።

ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው። በሳይንስ ከጨው ወገን ይቆጠራል። ነገር ግን እንደ ወጥ ጨው ቶሎ አይሟሟም። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብንጨምረው እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ነው። ዝናብ ግን ወደ አፈር ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ይወስዳል። ያን ጊዜ ውሃው ትንሽ ይኮመጥጣል። ምላስ አያውቀውም፤ ድንጋዩ ግን ያውቀዋል። ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት ይበላዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ስንጥቁ ዋሻ ሆነ።

ከመንገድ ዳር ሁለት ጠጠር አነሳን። በአንዱ ላይ ውሃ አፈሰስን፤ ዝም አለ። በሌላው ላይ ሎሚ ጨመቅን፤ ወዲያው አረፋ አወጣ። ሎሚን የሚያኮመጥጠው ነገር አሲድ ይባላል። እናንተም በእንቁላል ቅርፊት ሞክሩት። ቅርፊቱ ከዚያው ዓይነት ነገር የተሠራ ነው።

ታዲያ ይህ ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል? ዝናብ በሚበዛበት ደጋ መሬቱ አሲድ ይበዛበታል። ገብሱና ባቄላው ይቀጭጫል። ማዳበሪያ ቢጨመርም ምርቱ አያጠግብም። እንዲህ ባለ ማሳ ላይ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይበተናል። የአፈሩ አሲድ ድንጋዩን ያሟሟዋል። ድንጋዩም ሲሟሟ አሲዱን ያበርደዋል። ዋሻውን የቆፈረው ነገር ማሳውን ያክማል ማለት ነው።

በግምት ግን አይበተንም። አሲድ በሌለበት መሬት ኖራው ሳይሟሟ ይቀራል፤ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ነው። ሲበዛም ሰብል ይጎዳል። ስለዚህ ከማሳችሁ ከልዩ ልዩ ቦታ አፈር አንሱ። ለግብርና ባለሙያው ስጡና ይመርመር። ስንት ኩንታል እንደሚበቃ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።