ስለ ክትባት ትእዛዝና ከኮሌጅ ስለ ተመለሰው ልጃችን

ልጅን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት መላክ ለወላጅ ታላቅ ደስታ መሆኑን የማያውቅ የለም። የእኛ ልጅ ግን ትምህርቱ ሳይጀመር ጓዙን ጠቅልሎ ስለ ተመለሰ፥ የነገሩን አመጣጥና በቤታችን ያደረሰውን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ልንገልጽ ወደድን። የምንቀመጠው በአሜሪካ አገር፥ ከዋሽንግተን ከተማ ወንዝ ማዶ፥ በቨርጂኒያ ግዛት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 ዓመት፥ የኮቪድ ወረርሽኝ ገና ሳይበርድ፥ የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ያልተከተበ ተማሪ ከግቢያችን አይግባ የሚል ትእዛዝ ማውጣት ጀመሩ። ቀድመው ካወጁት አንዱ በኒው ጀርሲ ያለው የረትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፥ ይኸውም በመጋቢት ወር ነበር። ሌሎቹም ተከተሉና ቍጥራቸው ከ1,000 በላይ ሆነ። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ 8 ተማሪዎች ትእዛዙ መብታችንን ነካ ብለው ተሟገቱ፤ ዳኞቹ ግን በ1905 ስለ ፈንጣጣ ክትባት የተፈረደውን የቀድሞ ፍርድ ጠቅሰው፥ ትእዛዙን ያልወደደ ተማሪ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል ሲሉ ልመናቸውን ሳይቀበሉት ቀሩ።

ሴት ልጃችን ማንም ሳያዝዛት አስቀድማ ተከትባ ነበር። ወንድሟ ግን እንቢ አለ። በመጀመሪያ የሰነፍ ሰበብ መስሎን ተቈጣን፤ ቃሉን ስናደምጥ ግን ነገሩ የሚናቅ አለመሆኑን ተረዳን። «አባባ፥ በእኔ ዕድሜ ካለው ሰው በዚህ በሽታ የሚሞተው እጅግ ጥቂት ነው፤ ክትባቱ ደግሞ በወጣት ወንዶች ላይ አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻ መቈጣት እንደሚያመጣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ተናግረዋል። ታዲያ የምከተበው ለማን ብዬ ነው?» አለን። ይህ ጕዳት ብርቅ እንደ ሆነና በሽታውም ራሱ ልብን እንደሚያስቈጣ ሐኪሞቹ ጨምረው መናገራቸውን ነገርነው፤ አልሰማንም።

በነሐሴ ወር ኮሌጁ ስሙን ከመዝገብ ፋቀው። ይህን ያስታወቁን በአንዲት አጭር ደብዳቤ ሲሆን፥ የከፈልነውን የመኝታ ቤት ኪራይ ለማስመለስ ግን ሦስት ወር ደጅ ጠናን። እንዲህ የሆነበት እርሱ ብቻ አይደለም። በዚያው ወር የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የ238 ተማሪዎችን ስም ሰርዟል፤ ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ ለመጸው ትምህርት ተመዝግበው የነበሩት 49 ብቻ ነበሩ።

ከእኛ ጋራ የባለቤታችን እናት ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ ሲሆን የስኳር ሕመም አለባቸው። የልጁን እንቢታ የሰሙ ዕለት አልተቈጡም፤ ይልቁንም ሣቁ። በእኛ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ግድም፥ በጎጃም ሳሉ፥ ፈንጣጣን ለማጥፋት የተላኩ ከታቢዎች ወደ መንደራቸው ሲመጡ እርሳቸውም ከጎረቤቶቻቸው ጋራ ሸሽተው ጫካ ገብተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ርቧቸው ሲወጡ ተይዘው ተከተቡ። ጠባሳውን ገልጠው ለልጁ አሳዩት፤ ከተበ ማለት ጻፈ ማለትም ነውና «የመንግሥት ጽሕፈት» ይሉታል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የታየው በ1968 ዓ.ም. ነው። ልጁ ግን «እማማ፥ ያ ክትባት በሽታውን ይከለክል ነበር፤ ይህኛው የተከተበውንም ይይዘዋል» ብሎ መለሰላቸው። ሐሰት አልተናገረም። ክትባቱ ከጽኑ ሕመምና ከሞት አጥብቆ ቢጠብቅም፥ በሽታው እንዳይዝ የሚከለክልበት ኃይል ከወራት በኋላ ይደክማል።

ለማን ብዬ ነው ላለው ጥያቄ መልስ ያገኘነው ዘግይተን ነው። በ2022 የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የኮሌጆቹን ትእዛዝ መርምረው እንዳስታወቁት፥ በ2021 መጸው ትእዛዝ ያወጡ ኮሌጆች ባሉባቸው ወረዳዎች ከ100,000 ነዋሪ 339 ያህል በሽተኛና 5 ያህል ሞት ቀንሷል። በዚህ በሽታ የሚሞተው ይልቁንም አረጋዊ ነውና፥ የተማሪው መርፌ ያተረፈው በብዛት ከግቢው ውጭ ያለውን ሰው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ እኛ ትእዛዙ ተገቢ ነበር እንላለን። ነገር ግን የኮሌጁ ደብዳቤ ስለ ልጁ ስለ ራሱ ጤናና ስለ ቅጣቱ እንጂ ስለ አያቱ አንድ ቃል አልነበረበትም፤ እኛም ብንሆን ስንቈጣ አልነገርነውም።

በጥር 2022 የግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ የመንግሥት ኮሌጆች ያለ ሕግ አውጪው ፈቃድ ተማሪን በዚህ ክትባት ማስገደድ አይችሉም ብሎ አሳቡን በጽሕፈት ሰጠ፤ ኮሌጆቹም ትእዛዙን ለተማሪዎች ተዉት። ለልጃችን ግን የዚያ ዓመት ትምህርት አምልጦት ነበር። በዚያው ወር እማማ በኮቪድ ታመሙ፤ ወደ ቤት ያመጣችውም የተከተበችው ልጃችን ነበረች። እርሳቸውም ተከትበው ስለ ነበር ከአልጋ ሳይወርዱ ዘጠኝ ቀን ቈይተው ተነሡ። ልጁ ዘጠኙን ቀን ከደጃፋቸው ወንበር አኑሮ ተቀመጠ።

በ2022 መስከረም ወደ ኮሌጁ ተመለሰ። ተከትቦ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅነውም። ለበዓል ሲመጣ ከአያቱ አጠገብ ሳይቀመጥ አስቀድሞ መስኮቱን ይከፍታል። እማማ «ብርድ ነው፥ ዝጋው» ይላሉ፤ ይዘጋዋል፤ ቡና ሲቀዳ ደግሞ ቀስ ብሎ ይከፍተዋል።